ሰፈርን ከሰደድ እሳት የመጠበቅ ስልጠና፦ የቀድሞ ወታደር ይግባበት ወይስ ይቅርበት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግዬ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ 33 ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ኮሎራዶ፣ አውሮራ እኖራለሁ። አሁን የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። በቅርቡ ለቀድሞ ወታደሮች የተዘጋጀ ስልጠና አየሁ። በመኖሪያ ሰፈሮች አቅራቢያ ያለውን ደን እያሳሱ የሰደድ እሳት አደጋን መቀነስ ነው ይላል። ትንሽ ክፍያም አለው። ባለቤቴ ግን ‹ከጦርነት ወጥተህ እሳት ውስጥ ልትገባ ነው?› ብላ ተቆጥታለች። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ጆሮዬም ይጮኻል። እውነት ይህ ሥራ ሰፈር ያድናል? ወደ ቋሚ ሥራስ ያደርሳል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባለቤትህን ጭንቀት ላቅልል። ያየኸው ስልጠና ዋና ዓላማው እሳት ለማጥፋት ማዝመት አይደለም። ሰው ሁለት ሥራዎችን ያምታታል። አንዱ የተነሳ እሳትን መዋጋት ነው። ሌላው እሳቱ ከመነሳቱ በፊት የሚቃጠለውን ነገር መቀነስ ነው። የመጀመሪያው በዜና ይታያል፤ ሄሊኮፕተር አለው፣ ጭስ አለው፣ ጀግና አለው። ሁለተኛውን ማንም አይቀርጸውም። ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ መጎተት፣ መከመር፣ አሸንዳ መጥረግ፣ የሰው በር ማንኳኳት ነው። እሳት የምታየው ምናልባት የተከመረውን ጭራሮ በበረዶ ወቅት ስታቃጥሉ ነው። እሱም በፈቃድና በክትትል ነው።

አቋሜን ከፊት ልናገር፦ ግባበት። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ስልጠናው መጋዝ ብቻ የሚያስተምር ከሆነ ግማሽ ስልጠና ነው። ሰፈር የሚያድነው ሥራ አብዛኛው ያለው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ነው እንጂ ጫካው ውስጥ አይደለም። ይህን የሚያስተምር ፕሮግራም ፈልግ። ለምን እንደሆነ ሳላስረዳ ብቀጥል የቀረው ነገር ትርጉም ስለማይኖረው እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም።

ብዙ ሰው ቤት በሰደድ እሳት የሚጠፋው ትልቅ ነበልባል መጥቶ ሲውጠው ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቤቱን የሚያቃጥለው ፍንጣሪ ነው። ነፋሱ እየነደደ ያለ ቅርፊትና ቅጠል አንስቶ ከእሳቱ ፊት ቀድሞ ይበትነዋል። ከአንድ ማይል በላይ ርቆ ሊያርፍ ይችላል። የት ያርፋል? አሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ላይ። በረንዳ ሥር በተወረወረ ካርቶን ላይ። በር ላይ ባለ ምንጣፍ ላይ። ወይም በጣሪያው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሾልኮ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ዋናው እሳት ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ቤቱ ከውስጥ ይነሳል፤ ያኔ ጠባቂ የለም።

ይህን ነገር በደንብ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ጃክ ኮኸን ነው፤ ሞንታና ሚዙላ በሚገኘው የአሜሪካ የደን አገልግሎት የእሳት ላቦራቶሪ የሠራ ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ሆን ተብሎ ደን የተቃጠለበት ትልቅ ሙከራ ነበር። እዚያ የእንጨት ግድግዳዎች በተለያየ ርቀት ተተከሉ። ከደኑ 10 ሜትር ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ ተያያዙ። 30 ሜትር ላይ የነበሩት ግን አልተያያዙም። ነበልባሉ እስከ ዛፉ ጫፍ እየተምዘገዘገ ማለት ነው። እንግዲህ አስበው፤ ከ30 ሜትር ወይም ከ100 ጫማ ወዲያ ያለ ደን በሙቀቱ ብቻ ቤት አያቃጥልም። የሚልከው ፍንጣሪ ነው አደጋው። ፍንጣሪው የሚያገኘውን ነገር ደግሞ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ነው ባለሙያው ቤትን በሦስት ቀለበት የሚያየው። ከግድግዳው እስከ 5 ጫማ ድረስ ምንም የሚቃጠል ነገር እንዳይኖር ይፈለጋል፦ ጠጠር፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ ብቻ። ከ5 እስከ 30 ጫማ ተክል ይኖራል፤ ግን ተራርቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ደረቁ ተለቅሞ። ከ30 እስከ 100 ጫማ ዛፉ ይሳሳል፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የመጀመሪያዋ ቀለበት ትንሽ ናት፤ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ናት። ካሊፎርኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ «ዞን ዜሮ» ብላ ለብቻዋ ደንብ እንዲወጣላት አዛለች። ሰዉ በጣም የሚከራከረውም በእሷ ላይ ነው፤ ከመስኮት ሥር ያለውን አበባ ንቀል ሲባል ማን ደስ ይለዋል?

ኖቬምበር 8 ቀን 2018 የካሊፎርኒያዋ ፓራዳይስ ከተማ ስትቃጠል 85 ሰው ሞተ፤ ከ18,000 በላይ ሕንፃ ወደመ። ከዚያ በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ተመልከት። ቤቱ አመድ ሆኗል፤ ጎኑ ያለው ዛፍ ግን አረንጓዴ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሟል። ቤቱ ነው ለቀጣዩ ቤት ማገዶ የሆነው።

አንተ ዘንድ ቅርብ የሆነውን ልንገርህ። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 የማርሻል እሳት ሱፒሪየርንና ሉዊቪልን ሲመታ አንተ አውሮራ ከነበርክ ጭሱን አይተኸው ይሆናል። ከ1,000 በላይ ቤት ወድሟል። የጀመረው ግን በጥቅጥቅ ደን አልነበረም፤ በደረቀ ሣር ነው። ነፋሱ በሰዓት 100 ማይል ይደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ እሳቱን ከግቢ ግቢ ያዘለለው የእንጨት አጥር፣ የእንጨት በረንዳ፣ ከቤቱ የተጠጋ ቁጥቋጦ ነበር። ለሱፒሪየር ተራራው ላይ ሺህ ዛፍ ብትቆርጥላት ምን ይጠቅማታል?

ታዲያ ደን ማሳሳት ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ዛፉ ሲራራቅና የታችኛው ቅርንጫፍ ሲነሳ፣ በጫፍ በጫፍ የሚሄደው እሳት ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት ላይ ያለ እሳትን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊጠጋው ይችላል። ሰው የሚሸሽበት መንገድ ግራና ቀኙ ከጸዳ መኪናው ያልፋል። በ2012 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ የዋልዶ ካንየን እሳት 346 ቤት ሲበላ፣ አስቀድሞ የማሳሳት ሥራ የተሠራበት የሲዳር ሃይትስ ሰፈር ቤት ሳያጣ ተርፏል። እዚያ የሠሩት ግን ደኑን ብቻ አልነበረም። ለዓመታት ነዋሪውን ቤት ለቤት እያነጋገሩም ነበር።

አንድ ተንኮል ግን አለ። ዛፍ ቆርጦ ጭራሮውን እዚያው ጥሎ መሄድ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። ደረቅ ማገዶ መሬት ላይ ዘርግተህ ሄድክ ማለት ነው። ጥሩ ፕሮግራም የሚለየው ጭራሮው የት ይሄዳል በሚለው ነው። ተጎትቶ ይፈጫል፣ ይጫናል ወይም ተከምሮ በረዶ ሲወርድ ይቃጠላል። ክምሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በ2022 ኒው ሜክሲኮን ካቃጠሉት ሁለት እሳቶች አንዱ፣ የካፍ ካንየኑ፣ በጃንዋሪ ከተቃጠለ የጭራሮ ክምር ነው የተነሳው። እሳቱ በረዶ ሥር ተዳፍኖ ከርሞ በኤፕሪል ነፋስ ወጣ። ሌላኛው በዕቅድ ተለኩሶ ያመለጠ እሳት ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ከ340,000 ኤከር በላይ በሉ። ስለዚህ ስልጠናው ላይ «ክምሩ ጠፍቷል» ብለህ ከመሄድህ በፊት ጓንትህን አውልቀህ አመዱን በእጅህ እንድትዳስስ ሲነግሩህ እንዳትስቅ።

አሁን ስልጠናው ምን እንደሚመስል። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ውስጡ ግን ይመሳሰላል። የመሠረታዊው ትምህርት ሥርዓት ከብሔራዊው የሰደድ እሳት አስተባባሪ ቡድን የመጣ ነው። ኤስ-130 የሚባለው የጀማሪ ሠራተኛ ስልጠና ነው። ኤስ-190 የእሳት ጠባይ ነው፦ የሚቃጠለው ነገር፣ አየር ሁኔታና የመሬት አቀማመጥ። ኤል-180 ደግሞ ሰው በድካምና በጫና ውስጥ እንዴት እንደሚሳሳት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃሉ። ከዚያ የሰውነት ፈተና አለ፦ 45 ፓውንድ ተሸክመህ 3 ማይል በ45 ደቂቃ ውስጥ። መሮጥ ክልክል ነው፤ ርምጃ ብቻ። ይህን ሁሉ ካለፍክና በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ፕሮግራም ሥር ከሆንክ ሰደድ እሳት ላይ ለመሥራት ብቁ መሆንህን የሚያሳየውን፣ ሬድ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ታገኛለህ። ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳል።

አንዳንድ ፕሮግራም ሬድ ካርዱን የሚሰጥህ ወደፊት በር እንዲከፍትልህ ነው እንጂ እሳት ላይ ሊልክህ አይደለም። አንዳንዱ ግን ይልካል። ስትመዘገብ ይህን በግልጽ ጠይቅ፤ ባለቤትህም መልሱን ትስማ።

መጋዙ ለብቻው ነው። ኤስ-212 የሚባል የሞተር መጋዝ ትምህርት አለ፤ ጥቂት ቀን ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ ሰው የሚጎዳው በእሳት ሳይሆን በዛፍና በመጋዝ ነው። መጀመሪያ የሚማሩት ቀና ብሎ ማየትን ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ መጋዙ ዛፉን ሲያንቀጠቅጠው አናትህ ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ ማምለጫህን ማጽዳት ነው። ዛፉ ከሚወድቅበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ሰያፍ ወደ ኋላ። ከዚያ ነው መቁረጡ። ፊት ለፊት የሚቆረጠው የሽብልቅ ቅርጽ፣ ከኋላ የሚገባው ቁርጥ፣ በመካከል ሳይቆረጥ የሚቀረው ዛፉን እንደ ማጠፊያ ይዞ የሚያሳርፈው እንጨት። ይህን የመካከሉን እንጨት በችኮላ የቆረጠ ሰው ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን አይችልም። ጭንን የሚሸፍነው የመጋዝ መከላከያ ደግሞ ሙቀትም ቢሆን አይወልቅም። እዚህ ላይ ተከራካሪ ሰው ካየህ ከጎኑ አትቁም።

እውነተኛው የሥራ ቀን ግን እንዲህ ነው። ከሰባት ሰው መካከል ሁለቱ ይቆርጣሉ፤ አምስቱ ይጎትታሉ። መጎተቱ ነው ወገብ የሚሰብረው። መጋዝ ለመያዝ የሚጣደፉ አሉ። የእኔ ምክር መጀመሪያ ወር ላይ ጎታች ሁን ነው። የሚቆርጠውን ሰው እያየህ ትማራለህ፤ የትኛው ዛፍ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚሄድ ዓይንህ ይለምዳል።

ዓይን ስል አንድ ነገር ልጨምር። ኮሎራዶ ውስጥ በየቤቱ ግድግዳ ሥር የተተከለ ጁኒፐር የሚባል ቁጥቋጦ አለ። የኛው የጥድ ዘመድ ነው። ደረቅ ጥድ እሳት ላይ ሲጣል እንዴት እንደሚንጣጣ የሀገር ቤት ሰው ያውቃል። ላዩ አረንጓዴ ይመስላል፤ ውስጡን ገልጠህ ስታየው ግን የዓመታት ደረቅ ነው። ከመስኮት ሥር እሱን መትከል እኔ ብሆን አልፈቅድም ነበር።

ጥሩ ስልጠና የሚለየው በቤት ፍተሻም ነው፤ ከግድግዳ ሥር ያለው ሥራ ያልኩህ ይህ ነው። ሰልጣኙ ባለቤቱን ይዞ ቤቱን ይዞራል። አሸንዳ ያያል። የአየር ማስገቢያው ወንፊት ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሆነ ያያል፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ከሆነ ፍንጣሪ ያስገባል። አጥሩ ከቤቱ ጋር የት እንደተያያዘ ያያል። የእንጨት አጥር እሳቱን ይዞ እስከ ግድግዳው ያመጣዋል። መፍትሔው የመጨረሻዋን ክፍል በብረት መቀየር ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። የክረምቱ ማገዶ በረንዳ ላይ ተከምሮ እንደሆነ ያያል። ቦልደር ካውንቲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት ለቤት የሚደረግ ፍተሻን መሠረት ያደረገ ዋይልድፋየር ፓርትነርስ የሚባል የሕዝብ ፕሮግራም አለ። የዚህ ሥራ መልክ ምን እንደሆነ ለማየት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ወታደር መሆንህ ምን ይጠቅማል?

ድፍረትህ ነው የሚፈለገው ብለህ ካሰብክ አይደለም። ይህ ሥራ ድፍረት አይፈልግም፤ ደፋር ሰው መጋዝ ሲይዝ እንዲያውም እፈራለሁ። የምትጠቅመው በሌላ ነገር ነው። መሣሪያህን ከተጠቀምክ በኋላ ማጽዳት ለምደሃል፤ መጋዝ ሲደነዝ ሰው ይጎዳል። ካርታ ታነባለህ። በሬዲዮ አጭር መናገር ታውቃለህ። ሰልችቶህም ቢሆን አንድን ሥራ በተመሳሳይ ጥራት ትደግማለህ። የሰደድ እሳቱ ዓለም ራሱ ከሠራዊቱ ብዙ ወስዷል። በ1957 የወጡት አሥሩ የእሳት ማጥፊያ ትዕዛዞች የተቀረጹት በወታደራዊ አጠቃላይ ትዕዛዞች አምሳል ነው። ከሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ ምን ታቀደ፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለየ ብሎ መገምገምም ከጦሩ የመጣ ነው። ግምገማ ስልህ የሀገር ቤቱን ዓይነት እንዳይመስልህ፤ ማንም አይታሰርበትም።

የቀድሞ ወታደርን በዚህ ሥራ ማሰማራትም አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የሚባለውን፣ ሥራ ያጡ ሰዎችን በደንና በመሬት ጥበቃ የሚያሠራ ፕሮግራም ሲያቋቁሙ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ 25,000 ወታደሮች ቦታ ከፍተዋል። በ1945 ደግሞ 555ኛው የጥቁር አሜሪካውያን ፓራሹት ሻለቃ ኦሪገንን ማዕከል አድርጎ ከአውሮፕላን እየዘለለ የደን እሳት ያጠፋ ነበር። ታሪካቸው ብዙ አይነገርም፤ ልጆችህ ሲያድጉ ንገራቸው።

የሚጎዳህ ልምድም አለ። በሠራዊቱ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ ይፈጸማል። እዚህ የምትሠራው በሰው ግቢ ነው። የሰባ ዓመት አዛውንት ሟች ባለቤታቸው የተከሉትን ዛፍ «መቆረጥ አለበት» ብትላቸው በር ይዘጉብሃል፤ ትክክልም ናቸው። ቁጭ ብለህ ታሪኩን ትሰማለህ። ከዚያ ምናልባት ዛፉን ሳትነካ የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ለማንሳት ይስማማሉ። ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይወጣል። በዓመቱ ስትመለስ ራሳቸው ይጠሩሃል። የሐበሻ ቡና ላይ ያደገ ሰው ለዚህ ጥሩ መነሻ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ማዳመጥ አያዳግተውም።

ስለ ጤናህ የጠየቅከው ቁም ነገር ነው። ሞተር መጋዝ ወደ 110 ዴሲቤል ይጮኻል። አንተ ጆሮህ አስቀድሞ ይጮኻል። የጆሮ መጮኽ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ከሚመዘግባቸው የአገልግሎት ጉዳቶች ሁሉ ብዙ ሰው ያለበት ነው፤ ብቻህን አይደለህም። በጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚለበሰውንም መከላከያ ደርበህ አድርግ። ከመግባትህ በፊት የመስማት ምርመራ አድርገህ ውጤቱን አስቀምጥ። ኋላ ነገሩ ቢባባስ ምን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይኖርሃል።

ሳንባህስ? ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ተመድበህ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ አጠገብ ከኖርክ፣ ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ለመርዛማ ጭስ ለተጋለጡ የቀድሞ ወታደሮች የቪኤን ሕክምናና ክፍያ ያሰፋው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ የሚመለከትህ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ምርመራ ሳታደርግ ጭስ ያለበት ሥራ አትጀምር። የመከላከል ሥራ ከእሳት ማጥፋት ጋር ሲነጻጸር ጭሱ በጣም ጥቂት ነው። ክምር በሚቃጠልበት ቀን ግን ይኖራል። ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ አይተህ ቁም፤ ሐኪምህ ከከለከለህ ደግሞ ያን ቀን ሌላ ሥራ ስጡኝ በል። ጥሩ የቡድን መሪ ይህን ይረዳል።

ጉልበት ላይ ቸኩዬ አልፈርድም። ቁልቁለት ላይ ግንድ ይዞ መውረድ ጉልበትን ይፈታተናል። ፈተናውን ከመሄድህ በፊት ራስህ ሞክረው። ቦርሳህን በትንሽ ክብደት ጀምረህ በየሳምንቱ ጨምር። ሜዳ ላይ ያበጠ ጉልበት ቁልቁለት ላይ አይሻለውም፤ ያኔ የቤት ፍተሻውን ጎን ያዝ። እሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከቪኤ የአካል ጉዳት ክፍያ የምትወስድ ከሆነ መሥራትህ በራሱ አያስቆረጥብህም። ልዩነቱ «መሥራት አይችልም» ተብለህ ሙሉ ክፍያ የሚሰጥህ ከሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሥራ ከመጀመርህ በፊት የቬተራን አገልግሎት ሰጪ አማካሪ አነጋግር።

ወደ ገንዘብና ቋሚ ሥራ እንምጣ። በዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፦ ስልጠናው የሚከፍለው ትንሽ ነው። ብዙዎቹ የሚካሄዱት ኮንሰርቬሽን ኮር በሚባሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች በኩል፣ አሜሪኮር ከሚባለው የፌዴራል የሕዝብ አገልግሎት ፕሮግራም ጋር ተያይዘው ነው። የኑሮ ድጎማ ይሰጣሉ፤ ስትጨርስ የትምህርት ገንዘብ አለ። ሁለት ልጅ ያለው ሰው በእሱ ብቻ ቤት ኪራይ አይከፍልም። ባለቤትህ ከምትሠራ፣ ወይም የተጠራቀመ ካለህ፣ ለጥቂት ወራት ይቻላል። ካልሆነ መጋዘኑን ሳትለቅ በሳምንት መጨረሻ የሚሰጥ የመጋዝ ስልጠና ፈልግ። ቲም ሩቢከን የሚባለው፣ በ2010 ከሄይቲ መሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በሁለት የቀድሞ ማሪኖች የተመሠረተው ድርጅት፣ በበጎ ፈቃድ የመጋዝና የእሳት መከላከል ሥራ ያሠራል። ደሞዝ የለውም፤ ሥራው ይስማማህ እንደሆነ ግን በነጻ ታያለህ።

ትልቁ ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፐብሊክ ላንድስ ኮር በሚባለው፣ በሕዝብ መሬት ላይ የጥበቃ ሥራ በሚሠራበት የፌዴራል ሥርዓት ውስጥ የሚቆጠር ሥራ ከሆነ፣ 640 ሰዓት ስትሞላ ከፌዴራል የመሬት መሥሪያ ቤቶች ጋር ያለ ሰፊ ውድድር የመቀጠር መብት ታገኛለህ። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 120 ሰዓቱ በተፈቀደ የኮሩ ፕሮጀክት ላይ የተሠራ መሆን አለበት። መብቱ ለሁለት ዓመት ይቆያል። ለሌላው ሰው የዕድሜ ጣሪያው 30 ነው፤ ለቀድሞ ወታደር ግን 35 ነው። አንተ 33 ነህ። በሚቀጥለው ዓመት እያልክ ካሳለፍከው በሩ ይዘጋል። የምትገባበትን ፕሮግራም «ሰዓቴ ለፐብሊክ ላንድስ ኮር ይቆጠራል ወይ? ማን ይመዘግብልኛል?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ሰዓት ሠርቶ ወረቀት ያልያዘ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐሳብህ ቋሚ የፌዴራል እሳት ሠራተኛ መሆን ከሆነ፣ የመግቢያ ዕድሜው 37 ከመሙላት በፊት ነው። የቬተራን ቅድሚያ ያለው ሰው ከዚህ ገደብ ሊታለፍለት ይችላል፤ ዲዲ-214 የሚባለውን ከሠራዊት የመሰናበቻ ወረቀትህን ቅርብ አድርገህ አስቀምጥ። ግን እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ እለያለሁ። ሁሉም ሰው ሥልጠናውን እንደ እሳት ማጥፊያ ሥራ መግቢያ በር ነው የሚያየው። እኔ እንደ ራሱ ሙያ እንድታየው እፈልጋለሁ። ከተሞች፣ ካውንቲዎች፣ የእሳት አደጋ ወረዳዎች፣ የመብራት ኩባንያዎች፣ የግል ዛፍ ቆራጮች ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ማታ ቤትህ ታድራለህ። የእሳት ሠራተኛ ግን ወቅቱ ሲመጣ በአንድ ስምሪት ብቻ ሁለት ሳምንት ከቤቱ ይርቃል፤ ተመልሶ ጥቂት ቀን አርፎ እንደገና ይሄዳል። ከሠራዊት የወጣህበት አንዱ ምክንያት ቤተሰብህ ከሆነ ይህን አስብበት።

ገና በአገልግሎት ላይ ያላችሁ ደግሞ ስኪልብሪጅ የሚባለውን አትርሱ። በመጨረሻዎቹ 180 ቀናት ደሞዛችሁን እየወሰዳችሁ በሲቪል ድርጅት ውስጥ ለመሰልጠን ያስችላል፤ አዛዥ ይፈቅድ እንጂ።

ከመፈረምህ በፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ገንዘቡ ከየት ነው? እስከ መቼስ ነው? በ2025 ጸደይ ላይ ብዙ የአሜሪኮር ድጎማዎች መሃል ላይ ተቋርጠው ሰልጣኞች ተበትነዋል፤ አንዳንዱ በፍርድ ቤት ነው የተመለሰው። ከካውንቲ፣ ከስቴትና ከፌዴራል የተደባለቀ በጀት ያለው ፕሮግራም ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሚኖረው ይሻላል። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ ኮስዋፕ በሚባል የራሷ የስቴት ፕሮግራም ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ገንዘብ መድባለች፤ ከእሱ ጋር የሚሠራ እንደሆነ ጠይቅ። ቀጥሎ የተሠራው ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚመለስበት ጠይቅ። ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ አሸንዳም ቅጠል በረገፈ ቁጥር ይሞላል። «አንዴ ሠርተን ጨረስን» የሚል ፕሮግራም ካጋጠመህ ቁጥር ለሪፖርት የሚሰበስብ ነው።

ቀጥለህ ከቡድን መሪው ጋር በስልክ ተነጋገር። ስለ ሥራው እረፍት፣ ስለ ውሃ፣ ባለፈው ዓመት ማን እንደተጎዳና በኋላ ምን እንደተቀየረ ጠይቀው። ይህን ጥያቄ ሳይቆጣ የሚመልስ ሰው ሥር ግባ። ባለቤትህንም አጠገብህ አስቀምጣት፤ ስፒከር ላይ አድርገው።

መቀበልህ ከተረጋገጠ በኋላ መጀመሪያ የሚያስፈልግህ ቡትስ ነው። የሠራዊቱን አውጥቼ አደርገዋለሁ ብለህ እንዳታስብ። የብዙዎቹ ጎን ናይለን ነው፤ በሙቀት ይቀልጣል፣ እግር ላይም ይጣበቃል። የሚፈለገው ሙሉ ቆዳ፣ ቁመቱ ቢያንስ 8 ኢንች፣ ሶሉ ጥርስ ያለውና የማይቀልጥ ነው። ውድ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ዋጋውን በከፊል ይመልሳሉ፣ ደረሰኙን ያዝ። ስልጠናው ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት ግዛና መጋዘን ውስጥ ስትሠራ አድርገው። በአዲስ ቡትስ 45 ፓውንድ ተሸክሞ 3 ማይል የሄደ ሰው ሁለተኛውን ቀን ክፍል ውስጥ ካልሲውን አውልቆ ነው የሚያሳልፈው።